በነፃ የሚሰጥ ፖስት ካርድ ምን ይጠቅማል? ከአዲስ አበባ እስከ ኩርሙክ

ኩርሙክ የሚለውን ስም ስትሰሙ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ኩርሙክን የምናውቃት በዜና ነው፤ ዜናው ደግሞ ዘወትር የጦርነትና የስደት ነው። ኩርሙክ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የሱዳን ድንበር ላይ ትገኛለች። ከድንበሩ ማዶም በዚሁ ስም የምትጠራ የሱዳን ከተማ አለች። የሱዳኗን ኩርሙክ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 ያዟት፤ በየካቲት 1941 ተነጠቁ። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1997 ደግሞ የደቡብ ሱዳን ተዋጊዎች ገቡባት። ከ2011 ጀምሮ፣ በተለይም ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሳ በኋላ፣ ኩርሙክ የስደተኞች መግቢያ በር ተብላ ተጻፈላት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ አካባቢ በጥይትና በድንኳን ብቻ ሲታወቅ፣ እዚያ ሱቅ ከፍቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ማንጎ ሸጦ የሚኖረው ሰው ከዓይን ይሰወራል።

ላለፉት ሃያ ዓመታት ፖስት ካርድ ስሰበስብ ቆይቻለሁ። መተዳደሪያዬ ግን የንግድ ድርጅቶችን በማስታወቂያ ሥራ ማማከር ነው። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ይመስላሉ፤ እኔ ዘንድ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየተቀራረቡ ሄደዋል። ከአክሱም፣ ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከአስመራና ከአዲስ አበባ ብዙ ካርዶች አሉኝ። ከአሶሳና ከኩርሙክ ግን አንድም የለኝም። ለሥራ ወደ አሶሳ በሄድኩበት ጊዜም ካረፍኩበት ሆቴል ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ ጠይቄ አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ፖስት ካርድ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንበኛ በነፃ የሚወስደው ካርድ ለአንድ አነስተኛ ንግድና ለአንድ አካባቢ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያስረዳል።

የፖስት ካርድ አጀማመር

ሐሳቡን አስቀድሞ ያነሳው የጀርመኑ የፖስታ ባለሙያ ሃይንሪሽ ፎን ሽቴፋን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1865 ነበር። የጀርመን ፖስታ ግን ሐሳቡን አልተቀበለውም። ከአራት ዓመት በኋላ ኢማኑኤል ኸርማን የተባሉ የኦስትሪያ የኢኮኖሚክስ መምህር በቪየና ጋዜጣ ላይ አንድ ቀላል ስሌት አቀረቡ። ለአጭር መልእክት ደብዳቤ መጻፍ፣ ማሸግና ማጓጓዝ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው አሉ። የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ፖስታም ጥቅምት 1 ቀን 1869 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ካርድ አወጣ። ሥዕል አልነበረውም፤ በአንድ ወገን አድራሻ፣ በሌላው ወገን መልእክት ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ካርድ ተሸጠ።

ሥዕል ያለው ካርድ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ጎብኚዎች የአይፍል ማማ ምስል ያለበትን ካርድ ከማማው ላይ ሆነው ይልኩ ነበር። ካርዱ "እዚህ ደርሻለሁ" የሚል ምስክር ሆነ። በመጀመሪያ ጊዜ የካርዱ ጀርባ በሙሉ ለአድራሻ ብቻ የተመደበ በመሆኑ ሰዎች መልእክታቸውን በሥዕሉ ዳርና ዳር ይሞነጫጭሩ ነበር። እንግሊዝ በ1902፣ አሜሪካ ደግሞ በ1907 ጀርባው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት እንዲውል ፈቀዱ። ይህች ትንሽ ለውጥ ዛሬ ለሰብሳቢ ትልቅ መረጃ ናት፤ ጀርባው ያልተከፈለ ካርድ ካገኛችሁ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ወደ እኛ አገር እንዴት ገባ?

ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ውስጥ ታተሙ፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ ደግሞ አንበሳ ነበር። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚሄድ መልእክት በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የኢትዮጵያው ቴምብር ብቻውን አይበቃውም፤ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብርም ይጨመርበት ነበር። ሁለት ቴምብር ጎን ለጎን የተለጠፈበት የዚያ ዘመን ካርድ ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ወርቅ የሚፈልጉት ነው።

የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ፖስት ካርዱም አብሮ ገባ ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ጅቡቲ፣ ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ የነበሩ የውጭ ነጋዴዎችና ሚሲዮናውያን የገበያውን፣ የሐረር በሮችን፣ የሹማምንቱንና የሴቶችን ፎቶግራፍ በፈረንሳይኛ መግለጫ እያሳተሙ ይሸጡ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፈር የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ ያነሷቸው ፎቶዎች የዘመኑ ዋና የምስል ቅርስ ናቸው። ልብ በሉ፤ ካርዱ የበዛው ሐዲዱ በሄደበት መንገድ ነው። ምዕራቡ ሐዲድ ስላልደረሰው ካርድም አልደረሰውም።

በምዕራብ በኩል ለሰብሳቢ የሚነገር ታሪክ ያላት ጋምቤላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች የተፈራረሙት ውል የሱዳንን ድንበር በኩርሙክ በኩል ያሰመረ ሲሆን፣ ይኸው ውል ባሮ ወንዝ ላይ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በሱዳን አስተዳደር ሥር እንዲሆን ፈቀደ። በዚህ ምክንያት ጋምቤላ ውስጥ የሱዳን ፖስታ ቤት ይሠራ ነበር፤ ግመል ላይ የተቀመጠ ፖስተኛ የሚታይበት ዝነኛው የሱዳን ቴምብርም ከኢትዮጵያ ምድር ተለጥፎ ይላክ ነበር። አንድ ውል ለጋምቤላ ፖስታ ቤት፣ ለኩርሙክ ደግሞ የድንበር መስመር ሰጠ ማለት ነው።

ካርድ ሁሉ የዋህ አይደለም

ፖስት ካርድ ትንሽ ስለሆነ እንንቀዋለን። ነገር ግን አገርን የሚያይ ሰው ዓይን የሚቀረጽበት መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 እና 1936 ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ስትወር ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለ ሠዓሊ ለጣሊያን ወታደሮች ተከታታይ ካርዶች ሥሎ ነበር። በቀልድ መልክ የቀረቡት እነዚህ ሥዕሎች ኢትዮጵያውያንን የሚያዋርዱ፣ ሴቶቻችንን እንደ ሸቀጥ የሚያሳዩ ናቸው። ካርዱን ለእናቱ፣ ለወንድሙ፣ ለጓደኛው የሚልከው ወታደሩ ራሱ ነበርና ፕሮፓጋንዳው በመንግሥት ስም ሳይሆን በወዳጅ እጅ ጽሑፍ ቤት ለቤት ገባ።

እኔ ከእነዚህ ካርዶች ጥቂቶቹ አሉኝ፤ ለእንግዳ አላሳያቸውም፤ አልጥላቸውምም። የያዝኳቸው ስለ ካርድ ኃይል ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ስለሚያስተምሩ ነው። የምናየው ምስል ከሚያምኑት ሰው እጅ ሲመጣ ጥያቄ ሳይነሳበት ይታመናል። ይህ አሠራር ለክፉም ለደግም ይውላል። ለደግ ከዋለበት ምሳሌ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉትን አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰን መጥቀስ ይበቃል። "የ13 ወር ፀጋ" የሚለውን መፈክር ይዘው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በፖስተርና በብሮሹር ያሰራጩት የአገር ገጽታ እስካሁን ድረስ ውጭ አገር ባሉ ሰዎች ግድግዳ ላይ ይታያል።

በነፃ የሚሰጥ ካርድ እንዴት ይሠራል?

ካርድን በነፃ ሰጥቶ በእርሱ መነገድ አዲስ ነገር አይደለም። ሊቢሽ የተባለው የሥጋ መረቅ ኩባንያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል ለገዢዎቹ ባለ ሥዕል ካርዶችን ይሰጥ ነበር። ሕፃናት ስብስቡን ለማሟላት ሲሉ እናቶቻቸው ያንኑ መረቅ ደግመው እንዲገዙ ይወተውቱ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየመንገዱ የነበሩ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የራሳቸውን ሕንፃ የሚያሳይ ካርድ እያሳተሙ ለእንግዳ በነፃ ያስቀምጡ ነበር። ቺካጎ የነበረው ከርት ታይክ የተባለው ማተሚያ ቤት ከእነዚህ ትእዛዞች ትልቅ ኩባንያ ሆኗል። በ1990ዎቹ ደግሞ በጀርመን፣ በሆላንድ፣ በአውስትራሊያና በሌሎችም አገሮች በካፌና በሲኒማ ቤት መደርደሪያዎች ላይ በነፃ የሚወሰዱ የማስታወቂያ ካርዶች ተስፋፉ። ወጣቱ የወደደውን አንስቶ ይሄዳል፤ ወጪውን የሚከፍለው ማስታወቂያውን ያስነገረው ድርጅት ነው።

የዚህ ሥራ ምስጢር ምንድን ነው? በራሪ ወረቀት ስትሰጡ ሰውየው አንብቦ ይጥለዋል። ቢዝነስ ካርድ ስትሰጡ ኪሱ ውስጥ ያስረሳዋል። ፖስት ካርድ ስትሰጡ ግን ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ያምራልና ያስቀምጠዋል፤ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ በመጽሐፍ መካከል ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ ይጽፍበትና ቴምብር ለጥፎ ይልከዋል። በሦስተኛው ጊዜ ደንበኛው የእናንተን ማስታወቂያ በራሱ ገንዘብና በራሱ ፊርማ ለወዳጁ አደረሰላችሁ ማለት ነው። በቴሌቪዥን የሚነገር ማስታወቂያ ይህን አያደርግም።

የዚህ ነገር ሥር እኛም ዘንድ አለ። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ይዘው በየደጁ ይዞራሉ። "እንኳን አደረሳችሁ" ብለው ሥዕሉን ይሰጣሉ፤ ባለቤቱም ሳንቲም ወይም ብር ያወጣል። ልጁ ዋጋ አልጠራም፤ የሰጠውም በነፃ ነው። ነገር ግን ባዶ እጁን የሚመለስ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ነፃ ስጦታ በተቀባዩ ልብ ውስጥ የመመለስ ግዴታ እንደሚያኖር ልጆቻችን ከገበያ ባለሙያ ቀድመው ያውቃሉ።

"ቴሌግራምና ቲክቶክ ባለበት ዘመን ማን ካርድ ይጽፋል?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ለበዓል በየፒያሳውና በየአራት ኪሎው ይዘረጋ የነበረው የፖስት ካርድ ገበያ በሞባይል መልእክት መቀዝቀዙም እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ፖርቱጋላዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ፖስትክሮሲንግ የተባለ የማያውቁትን ሰው ካርድ መላላኪያ በ10 ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ካርዶችን አዘዋውሯል። ኢንተርኔት በበዛ ቁጥር በእጅ የተጻፈ ነገር ብርቅ ሆኗል፤ ብርቅ ነገር ደግሞ ይቀመጣል። ካርድ የስልኩን ማስታወቂያ ይተካል አልልም፤ ስልኩ የማያደርገውን ያደርጋል እንጂ።

የእኛ አገር ልዩ ሁኔታ

ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ የተቀዳ ምክር እዚህ የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ። በሌላው ዓለም ነጋዴዎች ካርዱን በየቤቱ አድራሻ በፖስታ ይበትናሉ። እኛ ዘንድ ፖስታ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሣጥኑ ያላቸው ደግሞ በአብዛኛው መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ "1,000 ካርድ በፖስታ እልካለሁ" ብሎ የተነሳ የአዲስ አበባ ነጋዴ ገንዘቡን ያባክናል። እዚህ የሚሠራው ካርዱን እንግዳው እጅ ላይ ማድረስና እርሱ እንዲልከው ማመቻቸት ነው።

ማመቻቸት ማለት ምን ማለት ነው? አንድ የማውቃቸው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ካርዱን በየክፍሉ ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ ጨምረው ያስቀምጣሉ። እንግዳው ጽፎ እንግዳ መቀበያው ላይ ይተዋል። ቴምብሩን ማረፊያው በራሱ ወጪ ለጥፎ በሳምንት አንድ ቀን ፖስታ ቤት ያደርሳል። እንግዶቹ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ "ካርዱ ደረሰ" እያሉ ይጽፉላቸዋል። ያን ጊዜ ማረፊያው ሁለተኛ ጊዜ ይታወሳል።

አሶሳና ኩርሙክ ምን ሊያሳትሙ ይችላሉ?

በኅዳር 2007 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አሶሳ ላይ ሲከበር ከመላ አገሪቱ እንግዳ ጎርፎ ነበር። የዚያ ዓይነቱ ሳምንት ለአንድ ከተማ በሃያ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው። በየሆቴሉ፣ በየአውቶቡስ መናኸሪያውና በአውሮፕላን ማረፊያው በነፃ የሚወሰድ የአሶሳ ካርድ ቢኖር ኖሮ ዛሬ በየቤቱ በተገኘ። በዓሉ አልፏል፤ እንግዳው ግን አልቆመም። ዩኒቨርሲቲው፣ የክልል ቢሮዎች፣ የዕርዳታ ድርጅቶችና የማዕድን ሥራ ሰዎችን ዘወትር ያመጣሉ። ኩርሙክ ወረዳ ውስጥ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ልማት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ባለሙያ በዝቷል።

ምን ይሣል ለሚለው የርዕስ እጥረት የለም። የአሶሳ ማንጎ በወቅቱ አለ። አካባቢውን የሸፈነው ሽመል፣ ከእርሱም የሚሠራው ወንበርና ቅርጫት አለ። የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባለው የቅል መለከት አለ፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲገኙ ነው። የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች የየራሳቸው ዕደ ጥበብ አላቸው። ለአዲስ አበባ አንባቢ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በመዲናችን ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዢ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። በአንድ ካርድ ላይ የሼህ ሆጀሌን የአዲስ አበባ ቤት አትሞ ከጀርባው ይህን ታሪክ በሁለት መስመር መጻፍ አሶሳን ከመዲናዋ ጋር ያስተዋውቃታል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ነው። ከእንግዲህ ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚታተም ካርድ ሁሉ ግድቡን ብቻ እንዳያሳይ እሰጋለሁ። ግድቡን የሚያሳይ ሞልቷል፤ የኩርሙክን ቡና ቤት የሚያሳይ ግን ባለ ቡና ቤቷ ካላሳተመችው ማንም አያሳትመውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድንበር አቋርጦ የመጣ ስደተኛ የማስታወቂያ ምስል አይደለም፤ የችግሩ ሰዓት ለካርድ አይሆንም። የሌላውንም ሰው ቢሆን አስፈቅዱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይቀርብ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ካርዱም ሲታተም ለባለ ምስሉ ጥቂት ቅጂ ስጡት። ድንበር፣ ኬላና የወታደር ሥፍራ ደግሞ በፍጹም አታንሱ።

ለማሳተም ለሚያስብ ነጋዴ

መጠኑ፦ በብዙ ማተሚያ ቤቶች የሚመቸው 10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር (ኤ6) ነው። በዓለም ፖስታ መለኪያ ካርድ ከ9 በ14 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም።

ወረቀቱ፦ ከ250 እስከ 350 ግራም የሆነ ጠንካራ ወረቀት ምረጡ። ከዚያ የሳሳ ካርድ በመንገድ ይታጠፋል። የሥዕሉ ወገን ቢያብረቀርቅ ግድ የለም፤ የጽሑፉ ወገን ግን እስክሪብቶ የሚቀበል ይሁን። በሁለቱም ወገን የሚያብረቀርቅ ካርድ ላይ ቀለም ስለሚሰረዝ ማንም አይጽፍበትም።

ፊቱ፦ አንድ ምስል ብቻ። አርማ፣ ስልክና የዋጋ ዝርዝር ፊት ላይ ከደረደራችሁ በራሪ ወረቀት ሆነ፤ ሰውም አይልከውም። የድርጅታችሁ ስም ከጀርባው በታች በትንሹ ይጻፍ። ቦታው የት እንደሆነና ምስሉ ምን እንደሚያሳይ በአማርኛና ቢያንስ በአንድ ሌላ ቋንቋ ግለጹ። ለኩርሙክ ከሆነ በአማርኛ፣ በበርታ ቋንቋና በዓረብኛ ብትጽፉ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚጓዘው ሰው ያነበዋል።

ብዛቱ፦ በኦፍሴት ሲታተም ትልቁ ወጪ ዝግጅቱ ነው፤ ስለዚህ ብዛቱ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። 100 ወይም 200 ብቻ ከፈለጋችሁ ዲጂታል ኅትመት ይሻላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማሳተም በፊት በጥቂቱ ሞክሩ። ሦስት ወይም አራት ነጋዴዎች ተባብረው በአንድ ሉህ ላይ የየራሳቸውን ካርድ ቢያሳትሙም ወጪው ይካፈላል።

መለኪያው፦ ካርዱ መሥራቱን የምታውቁት በመቁጠር ነው። "ይህን ካርድ ይዞ ለመጣ አንድ ስኒ ቡና በነፃ" ብላችሁ ጻፉና የተመለሰውን ቁጠሩ። ለምሳሌ 1,000 ካርድ ሰጥታችሁ 20 ሰዎች ቢመጡ ጠቅላላ ወጪውን ለ20 አካፍሉት፤ አንድ አዲስ ደንበኛ ስንት እንዳስወጣችሁ ታውቃላችሁ። በየቦታው የምታስቀምጡት ካርድ ላይ ትንሽ ምልክት ብታደርጉ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወይስ ከመናኸሪያው እንደመጣም ትለያላችሁ። የሌለ ነገር ግን አትሣሉ። ሕጉም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከሕጉ በፊት ግን የተታለለው እንግዳ ራሱ ይቀጣችኋል።

ለመሰብሰብ ለሚያስብ

ስብስብ የሚጀመረው ከአንድ ርዕስ ነው። "የኢትዮጵያን ሁሉ" ያለ ሰው ይደክማል። አንዱ የትውልድ ከተማውን፣ ሌላው ባቡርን፣ ሌላው የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላኖች ይሰበስባል። አዲስ አበባ ውስጥ ቸርችል ጎዳና ያሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮችና የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች መልካም መነሻ ናቸው። በዋናው ፖስታ ቤት ግቢ ያለው የፖስታ ሙዚየም ደግሞ ስለ ቴምብርና ማኅተም ዓይን ይከፍታል።

ካርዱ ዘመኑ ካልተጻፈበት ከጽሑፉ ይታወቃል። "ኤ.ኦ.ኢ." የሚል የጣሊያንኛ ምኅጻር ካለው ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ባለው የወረራ ዘመን የታተመ ነው። መስቀል አደባባይን "አብዮት አደባባይ" ካለው የደርግ ዘመን ነው። "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ" ካለ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። በማጉያ መነጽር ስታዩት ጥቃቅን ነጠብጣብ ከታየ በማተሚያ የታተመ፣ ካልታየ ከፎቶግራፍ የታጠበ ነው፤ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ ስለሚሠራ ይወደዳል። የተጻፈበትን ካርድ አትናቁ። ባዶ ካርድ ምስል ብቻ ነው፤ የተላከው ግን ቀኑን፣ ማኅተሙንና የአንድን ሰው ድምፅ ይዟል። በውስጡ ያለው የግል ጉዳይ ግን የጸሐፊው ነውና ለሌላ ስታሳዩ አስተውሉ።

አቀማመጡን በተመለከተ ሙጫና ፕላስተር ጠላት ናቸው። ካርዶቹን ጥሩ ፕላስቲክ ኪስ ባለው አልበም ውስጥ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ። እንደ አሶሳ ዝናቡ በሚበዛበትና ምስጥ ባለበት አገር ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ የብረት ሣጥን ውስጥ ይሁኑ። ሁሉንም በስካነር አንስታችሁ ቅጂውን ሌላ ቦታ ማኖርም አይርሳችሁ።

ዛሬ በነፃ የሚሰጥ ካርድ ነገ የታሪክ ማስረጃ ይሆናል። የዛሬ መቶ ዓመት የሐረር ገበያ ምን ይመስል እንደነበር የምናውቀው አንድ ነጋዴ ለጥቅሙ ሲል ስላሳተመው ነው። የኩርሙክ ልጆችም የዛሬ ሃምሳ ዓመት ከተማቸውን ሲፈልጉ የሚያገኙት የጦርነት ዜና ብቻ እንዳይሆን፣ አሶሳ ወይም ኩርሙክ ውስጥ ቡና ቤት፣ ማረፊያ ወይም የሽመል ሥራ መደብር ያላችሁ ወገኖች አንድ ጥሩ ፎቶ አንሱና አሳትሙ። ከዚያም ጥቂት ፍሬ ለእኔ አስቀምጡልኝ፤ የቴምብሩን እኔ እከፍላለሁ።